የእትዬ በቀለች እርጥብ ሲሚንቶ

ስልኩ የጮኸው ከቤቴ ደረጃ ልወርድ ስል ነው። የአክስቴ ልጅ ነበረች፣ ከአሰላ። ሰላምታውን ስታስረዝመው መርዶ እንዳለ ገባኝ። «እትዬ በቀለች አርፈዋል፣ የሆስፒታሏ። ቀብራቸው ነገ ነው» አለችኝ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ከዘራዬን በቀኝ እጄ ጨበጥኩ፣ በግራዬ የደረጃውን ብረት ያዝኩ፣ ግራ እግሬን አስቀድሜ ወረድኩና ቀኙን አስከተልኩ። ደረጃ እንዲህ ስወርድ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኖኛል።

እንዲህ መውረድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አጥንቴን የጠገነው ሐኪም ስሙ ከጠፋኝ ቆየ፤ የአንሶላ አጣቢዋን ግን አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም። የማልረሳቸው በውለታቸው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አንድ ቀን ስማቸውን ጠርቻለሁ፤ የሰው ስም በማይጠራበት ቦታ፣ የሰው ስም በማይጠራበት ዘመን። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሳጉሬ፣ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር የእህል መጋዘን ጸሐፊ። ጸሐፊ ስላችሁ ወንበር ላይ የዋልኩ እንዳይመስላችሁ። ጆንያ ለመቁጠር ክምር ላይ ስወጣና ስወርድ ነበር የሚመሸው። አንድ የነሐሴ ጠዋት ክምሩ ከሥሬ ተንሸራተተ። እኔ ወደቅኩ፤ ሁለት ጆንያ ስንዴ ደግሞ ተከትሎኝ መጥቶ ግራ ቅልጥሜ ላይ አረፈ። በጋሪ እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ በእህል መኪና ላይ ተጋድሜ አሰላ ገባሁ። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ስለነበር እግሬን በጀሶ አሽገው አስተኙኝ።

ከሳምንታት በኋላ ድሬሰሩ ሁለት የእንጨት ክራንች አምጥቶ ከቁመቴ ጋር አስተያየና «በል፣ ቀስ እያልክ ተለማመድ» ብሎኝ ወደሚጠሩት በሽተኞች ሮጠ። ቆምኩ። ግን መቆም አይበሉት። ላብ ጀርባዬን ያጥበዋል፣ የክፍሉ ወለል ወደ እኔ የሚመጣ ይመስለኛል። ከክምሩ ከወደቅኩ ወዲህ መሬትን አላምናትም ነበር። በሁለቱ ክራንች ላይ በብብቴ ተንጠልጥዬ፣ እንደ ተሰቀለ ካፖርት እየተወዛወዝኩ፣ ኮሪደሩን እስከ ጫፉ ሄድኩ። የኮሪደሩ ጫፍ ወደ ልብስ ማጠቢያው ግቢ ይከፈታል።

«አንተ! ብብትህን ልትገድለው ነው እንዴ?»

ድምፁ የመጣው ከተሰጡት አንሶላዎች መካከል ነው። ቀጥሎ የድምፁ ባለቤት ወጡ። አጭር፣ ክንደ ወፍራም ሴት ናቸው፤ ጎማ ቦት ተጫምተው፣ ወፍራም ሹራባቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው አስረዋል። የአንድ አንሶላ ጫፍ በቧንቧው አንገት ጠምጥመው ሌላውን ጫፍ ሲጠመዝዙ ነበር የቆዩት። ኋላ እንዳየሁት ሁልጊዜ የሚጨምቁት እንዲሁ ነበር፤ ቧንቧው ሁለተኛ ሰው ሆኖ ይይዝላቸዋል። ምክንያቱን ያን ቀን አሳዩኝ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡት። ሦስቱ ጣቶች ሲታጠፉ ሁለቱ ቆመው ቀሩ።

«ይታይሃል? ይሄን ያደረገው እንደ አንተ መንጠልጠል ነው።»

ልጅ እግር ሳሉ ሮቤ አካባቢ ከፈረስ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ ነበር። ያስተማራቸው ሰው ስላልነበረ ወራት በብብታቸው ተንጠልጥለው ሄዱ። መጀመሪያ ክንዳቸው ደነዘዘ፣ ከዚያ ጣቶቻቸው። ከሐረር ተዛውሮ የመጣ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር አይቷቸው ትክክለኛውን አያያዝ ሲያሳያቸው እግራቸው ድኖ ጣቶቻቸው ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ክራንች የያዘ ሰው አይተው ዝም ብለው ማለፍ አይሆንላቸውም። ሐኪም አይደሉም፣ ነርስም አይደሉም፤ ደመወዛቸው የአጣቢ ነው። ግን ያኔ ከዚያ ሆስፒታል በክራንች የወጣ ሰው ሁሉ በእሳቸው ግቢ በኩል ነበር የሚወጣው።

«ኮቱ፣ ና ወዲህ» አሉኝ። አማርኛቸው ከኦሮምኛቸው ጋር እየተቀባበለ ነበር የሚሄደው፤ ሲቸኩሉና ሲራሩ ኦሮምኛው ይቀድማል። ክራንቹን ከብብቴ ዝቅ አድርገው ሦስት ጣት በመካከሉ አስገቡ። «ይሄ ክፍት ይሁን። ክብደትህን መዳፍህ ይሸከም። ብብት ለመሸከም አልተፈጠረም።» ቀጥለው ክራንቹን ገልብጠው ጫፉን አዩና ፊታቸው ከሰል መሰለ። «ባዶ እግሩን ነው እንዴ የምታስኬደው?» ጫፉ ላይ የነበረው ጎማ አልቆ እንጨቱ ወጥቷል። በማግስቱ ከጎሚስታ ቤት ያረጀ ጎማ ቁራጭ ለምነው አምጥተው፣ በልብስ መቁረጫ መቀስ እየታገሉ አዲስ ጫማ ሠሩለት። ጫማ ነበር የሚሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸው «እንዴት አደርክ» አልነበረም፤ «ጫማውን አሳየኝ» ነው። አገላብጠው ያያሉ፣ የተሰካ ጠጠር ካለ በጥፍራቸው ያወጣሉ፣ ጭቃውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ። ከዚያ በኋላ ነው ደህና አድረህ እንደሆነ የሚጠይቁህ።

የተሰበረውን እግር እንግዳው ይሉታል፣ ጤነኛውን ባለቤቱ። «እንግዳ ሥራ አይታዘዝም፤ አርፎ ይቀመጥ» ይሉኛል። ከማጠቢያው ወደ ግቢው የሚያወርዱ አራት ደረጃዎች ነበሩ። እነዚያን አራት ደረጃዎች በሕልሜ ሳይቀር እፈራቸው ነበር። «ሱታ፣ ቀስ! ስትወጣ ባለቤቱ ይቅደም፣ በር ከፋች እሱ ነው። ስትወርድ እንግዳውን ሸኘው።» ስንት ጊዜ እንዳሉኝ አልቆጠርኩትም። አሁንም ደረጃ ሳይ ቀድሞኝ የሚደርሰው ድምፃቸው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ደረቁን መንገድ ብቻ አስኬዱኝ። በሁለተኛው ባልዲ ውኃ አምጥተው ሲሚንቶው ላይ ደፉት።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አሰላ ዝናብ የለም እንዴ? ደረቅ ላይ ማ ያቅተዋል? እዚሁ እኔ ፊት ልመደው።»

እርምጃ ማሳጠርን፣ ክራንቹን አጋድሞ ሳይሆን አቁሞ መትከልን፣ የወደቀ ቅጠልና የሳሙና አረፋ ዞሮ ማለፍን እዚያ ተማርኩ። በአንድ እጃቸው ሱሪዬን ከኋላ በቀበቶው ይይዙኛል። አንድ ቀን መሐል ላይ ደርሼ ደረቅሁ። ወደፊትም አልል፣ ወደኋላም አልል። ማልቀስ ነው የቀረኝ።

«ፍርሃትህ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ መላ አካላቴ ላይ።»

«እግርህ ላይ ነው። ይታየኛል፤ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ እግር ይጥላል። አትፍራ አልልህም፣ የማይፈራ እኮ ነው የሚሰበረው። ፍራ። ግን ፍርሃትህን ከእግርህ አውጣና ዓይንህ ላይ አድርገው። ዓይንህ ሁለት እርምጃ ከፊትህ ያለውን መሬት ይፍራ። እግር የታዘዘውን ይሥራ።»

ዓይኔን ወደ ሲሚንቶው ጣልኩ። ሁለት እርምጃ ከፊቴ። ተሻገርኩ። ቀበቶዬን የለቀቁት መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ዞር ስል ወዲያኛው ጫፍ ላይ ቆመው አንሶላ እያጠፉ ነበር። «ስንዴ የጣለው ሰውዬ፣ በላ ተመለስ» አሉኝ። ስንዴ የጣለው ነበር የሚሉኝ።

ኅዳር ላይ ጀሶው ተፈታ። ሐኪሙ አንዱን ክራንች ወሰደና በአንዱ እንድሄድ አዘዘ። የአክስቴ ቤት ከሆስፒታሉ ብዙም ስለማይርቅ በየቀኑ እየመጣሁ እትዬ በቀለች ጋ እለማመድ ነበር። ክራንቹን በግራ ብብቴ ሥር ሳደርግ እጄን መቱኝ።

«በደህናው በኩል ያዘው።»

«የተሰበረው ግራው ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ሰው ሲራመድ ግራ እግሩ ሲወጣ የትኛው እጁ ነው አብሮት የሚወጣው?»

አሰብኩ። ቀኙ ነው።

«እግዜር እንዲህ አጣምሯቸዋል፣ አንተ ምን አገባህ? በበሽተኛው በኩል ብትይዘው መላ ሰውነትህ እንግዳው ላይ ይወድቃል። በቀኝ ያዘው፣ ከግራ እግርህ እኩል ይውጣ።»

ሞከርኩት። ልክ ነበሩ፤ ሕመሙ ግማሽ ሆነ።

ችግሩ አሰላ ነው። አሰላ ውስጥ ምክር የማይሰጥ ሰው አልተወለደም። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና ብሎ «ወንድም፣ ተሳስተሃል፣ ሕመሙ በወዲህ ነው» ይለኛል። በቅርጫት ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት አዝናልኝ ክራንቹን ልታዘዋውርልኝ ትነሳለች። ሽማግሌዎች ቆመው ያዩኛል፣ ይሳሳቃሉ። ለእያንዳንዱ የእግዜርን ማጣመር ማስረዳት ታከተኝ። የባሰው ግን አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ገጠመኝ። ቆዳ ጃኬቱን ደርቦ፣ ሽጉጡን ታጥቆ፣ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ ነበር። ቆም አለና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ቁስሉ በግራ፣ ምርኩዙ በቀኝ? አስተካክለው እንጂ፣ ጓድ!» ብሎ ሳቀ። ጥበቃዎቹም ሳቁ።

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር፣ ተሳስቼ ነው» አልኩና በዚያው ቅጽበት ወደ ግራ አዛወርኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ጀመርኩ፤ ስናገረው አሁንም አፍራለሁ። በከተማው ውስጥ በግራ እይዘዋለሁ። ወፍጮ ቤቱን አልፌ የሆስፒታሉ አጥር ሲታየኝ ወደ ቀኝ አዛውረዋለሁ። ስመለስ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ጋ መልሼ ወደ ግራ። ከተማውንም ደስ ይበለው፣ እትዬ በቀለችንም ደስ ይበላቸው ብዬ። ይሉኝታ ያለበት ሰው ሁለት ጌታ አለው፤ እኔ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ክራንች ላገለግል ተነሳሁ። ወገቤ ይቆረጥ ጀመር። «ወገብህን ምን ነካው?» አሉኝ እትዬ። «ብርድ ነው» አልኳቸው።

ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ የበረታበት ነበር። ገበያ የሄደ ወንድ ልጅ ወደ ቤቱ ስለመመለሱ እናቱ እርግጠኛ አልነበረችም። አክስቴ በር ሲንኳኳ በሰማች ቁጥር የአልጋውን ሥርና እኔን ታያለች፤ እንድገባ ሳይሆን ልገባ እችል እንደሆነ ስትለካ። የተሰበረ እግሬ ጋሻዬ ነበር። አንዳንድ ልጆች ግን ሳይሰበሩ ጀሶ አሳሽገው ተያዙ የሚል ወሬ ተነዛና ጋሻዬም ማስፈራት ጀመረ። ሰዎች እግሬን የሚያዩበት ዓይን ተለወጠ።

የያዙኝ በገበያ ቀን ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሼ ክራንቹን ከግራ ወደ ቀኝ እያዛወርኩ ሳለ ገበያው በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ጎረምሳ ሁሉ ይሮጣል። በርበሬና ስንዴ መሬት ላይ ፈሰሰ። እትዬ በቀለች «ሰው ሲሮጥ ካየህ ግድግዳ ተደግፈህ ቁም፤ ክራንች ሩጫ አያውቅም» ብለውኝ ነበርና ጀርባዬን ለወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሰጥቼ ቆምኩ። አንድ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አዙሮ ወደ እኔ መጣ።

«አየሁህ! አሁን በግራ ነበር፣ አሁን በቀኝ አደረግኸው! ሁለቱም እግርህ ተሰበረ?»

አንገቴን ይዞ ወሰደኝ።

የቀበሌው አዳራሽ በወጣት ሞልቷል። አግዳሚ ላይ የተቀመጠ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ፣ የሚያለቅስ፣ የሚያጨስ። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። በሩ ላይ አሥር አለቃ ቱፋ ቆመዋል፤ በምሥራቅ ጦር ግንባር ቀኝ ጉልበታቸውን ቆስለው ተመልሰው የአዳራሹ ዘበኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ዱላቸውን በቀኝ ይዘው፣ በተራመዱ ቁጥር ትከሻቸው ወደ ጎን ይወድቃል።

የሆስፒታሉን ወረቀት አወጣሁ። ሊቀመንበሩ አላየውም። «ወረቀት ማንም ያጽፋል» አለ። የያዘኝ ልጅ ያየውን ነገረው፤ ሌላው ጥበቃ ደግሞ ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ስለዋውጥ እንዳየኝ መሰከረ። ሊቀመንበሩ ብዕሩን አነሳ።

«በግራም በቀኝም እያደረግህ ማንከስን ማነው ያስተማረህ?»

ጥያቄው ምን እንደሆነ ገባኝ። ልጆችን አንካሳ መምሰል የሚያስተምር ሰው ይፈለጋል። ለዚያ ሰው የሚጠብቀው እስር ቤት ነው፣ ከእስር ቤት በኋላ ያለውን ደግሞ ማንም አይናገረውም። ይሄ ሁሉ ገብቶኝ ሳለ አፌ ተከፈተ።

«እትዬ በቀለች። የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ።»

ጻፈው። «ስንት ሰው አስተምራለች?»

«ብዙ» አልኩ።

ማንም አልመታኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ብዙ የምትለዋን ቃል ከራሴ ጨመርኳት። «አሥር አለቃ፣ ሴትዮዋን አምጣ» አለ ሊቀመንበሩ። አሥር አለቃ ትከሻቸውን እየጣሉ ወጡ። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ከኔ አጠገብ የተቀመጠ ልጅ ራቅ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና እትዬ በቀለች ገቡ። ሆስፒታሉ ከአዳራሹ ሩቅ ነው፣ አሥር አለቃም አንካሳ ናቸው፤ እንዴት እንዲህ ቶሎ ደረሱ ብዬ ለማሰብ ልብ አልነበረኝም። የጎማ ቦቱን እንደተጫሙ ናቸው፣ እጅጌያቸው እስከ ክርን እርጥብ ነው። አላዩኝም። ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጥለው፣ ቀጥ ብለው፣ በአጭር በአጭሩ እየተራመዱ ጠረጴዛው ፊት ቆሙ። እንዲያ ማቀርቀራቸው ትሕትና መሰለኝ።

«ጓዲት በቀለች፣ ልጆች ማንከስ ታስተምሪያለሽ አሉ።»

«ሳይወድቁ መሄድ ነው የማስተምረው፣ ጌታዬ።»

«ቁስሉ በግራ፣ ክራንቹ በቀኝ! ይሄ ማታለል ካልሆነ ምንድነው?»

እትዬ በቀለች የሚያዩት አሁንም ወለሉን ነበር። ከዚያ ዓይናቸው በወለሉ ላይ ሄደ ሄደና አሥር አለቃ ቱፋ ጫማ ላይ ደረሰ።

«አሥር አለቃ፣ የቆሰሉት የትኛውን ጉልበትዎን ነው?»

«ቀኙን።»

«እስኪ እንደያዙት እስከዚያ ግድግዳ ይሂዱልኝ።»

አሥር አለቃ ወደ ሊቀመንበሩ አዩ። ሊቀመንበሩ በእጁ ፈቀደ። ሄዱ፤ ትከሻቸው እየወደቀ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«አሁን ዱላውን በግራዎ ይያዙት። ከቀኝ እግርዎ እኩል ይትከሉት። ሱታ።»

የመጀመሪያው እርምጃ ተወላገደ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ አሥር አለቃ ቀጥ አሉ። መሐል አዳራሽ ደርሰው ቆሙና ጉልበታቸውን አዩት፣ ሌላ ሰው የሰጣቸው ይመስል። ዞረው ተመለሱ፤ ሳይጠየቁ እንደገና ሄዱ። ትከሻቸው አልወደቀም። ሲጋራ የሚያጨሰው ልጅ ሲጋራውን ረስቶት ጣቱን አቃጠለው።

«ስድስት ዓመት!» አሉ አሥር አለቃ። «ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስጎተት አንድ ሰው አይነግረኝም?»

ሊቀመንበሩ አልወደደውም። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። «እሺ፣ በቀኝ ይሁን። ታዲያ ይሄ ልጅ በግራ የሚይዘው ለምንድነው? እውነተኛ በሽተኛ እጁን ይለዋውጣል?»

እትዬ በቀለች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ግራ ገብቷቸዋል። እኔ ስለዋውጥ እንደከረምኩ አያውቁማ።

«ማነው በግራ ያዘው ያለህ?» አሉኝ።

ይሄንን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ያለኝ ሰው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ስሙን ብጠራው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሊቀመንበሩን አለማወቅ መናገሬ ነው። የእትዬ በቀለችን ስም ለመጥራት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም ነበር፤ የእሱን ስም ለመጥራት ግን ምላሴ ድንጋይ ሆነ። አቀረቀርኩ። ከጠረጴዛው ሥር የሊቀመንበሩ ጫማ ይታየኛል፤ በደንብ የተወለወለ ጥቁር ጫማ ነበር። አየሁት፣ አየሁት። ጫማው መንቀሳቀስ አቆመ። ብዕሩም መምታት አቆመ። ያስታወሰው ያኔ ይመስለኛል፤ ወፍጮ ቤቱን፣ ሳቁን፣ «አስተካክለው እንጂ፣ ጓድ» ያለውን።

ምን እንደሚያደርግ ማንም አያውቅም። ሊቀመንበር ያፈረ እንደሆነ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ጉሮሮውን ጠረገ። የሆስፒታሉን ወረቀት አነሳና ያነበበ መሰለ።

«ልጁን ልቀቁት» አለ። «ክራንቹን ሲጥል ግን እዚሁ ይምጣ። አንቺም ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

ከዚያ አዳራሽ ያን ቀን የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከኔ ራቅ ያለው ልጅ ዓይኑን በዓይኔ ላይ እንደተከለ ቀረ። ከመካከላቸው ስንቱ እንደተመለሰ አላውቅም፤ መጠየቅም እፈራለሁ።

ውጭ ስንወጣ እትዬ በቀለች መጀመሪያ የተናገሩት ቃል «ጫማውን አሳየኝ» የሚል ነው። ክራንቹን ሰጠኋቸው። የተሰካውን ጠጠር በጥፍራቸው አወጡና መለሱልኝ። «ከዛሬ ወዲያ ከተማው ሁሉ ቢስቅብህ በቀኝ ያዘው። ይሉኝታ እግር የለውም፣ የሚሄደው በሰው እግር ነው።»

«እትዬ፣ ስምዎን እኔ ነኝ…»

«ሱታ፣ መንገዱ ያዳልጣል» አሉኝ። መንገዱ ደረቅ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እግሬ ሊድን ሲል ፍርሃቴ ባሰ። መዳኔ መያዜ ሆነ። እትዬ በቀለች መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። «ክራንቹን እዚህ እንዳትጥለው» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ አጎቴ ጋ ወረድኩና ዘመኑ እስኪያልፍ እዚያው ተሸሸግኩ። ኋላ መንገድ ሲከፈት አንዳንዴ አሰላ እሄዳለሁ፣ እጎበኛቸዋለሁ። እግሬን ይጠይቁኛል፣ ልጆቼን ይጠይቁኛል። ይቅርታዬን በየጊዜው ከአዳማ ይዤ ወጥቼ በየጊዜው ይዤ ተመለስኩ።

መርዶው በደረሰኝ ማግስት ማልጄ በሚኒባስ ወጣሁ። ኢተያን ስናልፍ ስንዴው ታጭዶ መሬቱ ራቁቱን ነበር። ቀብሩ ላይ ደረስኩ፣ ከዚያ ከሰው ጋር ወደ ለቅሶው ድንኳን መጣሁ። አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ የሚገባውን ሰው አያለሁ፤ ብዙው አሮጊትና ሽማግሌ ነው፣ ብዙው ምርኩዝ ይዟል። አንዱ ግራ እግሩን ያነክሳል፣ ከዘራው በቀኙ ነው። አንዲት አሮጊት ቀኝ ዳሌያቸውን ያማቸዋል፣ ዘንጋቸው በግራቸው ነው። በከተማው ያለ ባለ ከዘራ ሁሉ እንዲህ አይይዝም። የእትዬ በቀለችን ሰዎች ምርኩዝ በያዙበት እጅ ለየኋቸው።

አሥር አለቃ ቱፋ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሸብተዋል፣ ዱላቸው በግራቸው ነው።

«ቀና በል እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» አሉኝ።

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳቸው። «ስማቸውን የጠራሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ያውቃሉ፤ ሊያመጧቸው የተላኩት እርስዎ ነዎት። አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።»

አሥር አለቃ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙት።

«ተልኬ ነበር፣ ግን የትም አልሄድኩም። በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ ቆማ አገኘኋት። ገበያ ላይ መያዝህን ሰምታ አንሶላውን በሳሙናው ጥላ መጥታለች። ምን ያህል እንደቆመች እንጃ። ‹ስሜን ጠራ?› አለችኝ። ‹ጠራ› አልኳት። ‹እሰይ!› አለች።»

«እሰይ?»

«እሰይ አለች። ‹ይሄ ልጅ ይሉኝታ ይገድለዋል። አፍሮ ዝም ይላል፣ እንዲሁ ይወስዱብኛል ብዬ ነበር የፈራሁት› አለችኝ። ከዚያ ‹አሥር አለቃ፣ እግሬ ከድቶኛል፣ ክንድዎን ያውሱኝ› አለች። ደግፌ ደረጃውን አወጣኋት። በሩ ጋ ስንደርስ ለቀቀችኝና ብቻዋን ገባች።»

ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አገባባቸው ፊቴ ድቅን አለ። ዓይናቸው ወለሉ ላይ፣ ሁለት እርምጃ ከፊታቸው። ያን ሁሉ ዓመት ትሕትና ያልኩት ፍርሃት ነበር፤ ከእግራቸው አውጥተው ዓይናቸው ላይ ያደረጉት። በዚያ ድንኳን ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሳላፍር አለቀስኩ።

ስንወጣ ከሰዓት በኋላ ያካፋው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ነበር። ከግቢው እስከ አስፋልቱ ቁልቁለት ነው። አሥር አለቃ በግራዬ ቆሙ። የእሳቸው ዱላ በግራ እጃቸው፣ የእኔ ከዘራ በቀኜ ስለሆነ በመካከላችን ያሉት ሁለቱ እጆቻችን ባዶ ነበሩ። ተያያዝን። እያንዳንዳችን እንግዳችንን አስቀድመን፣ ሁለት እርምጃ ከፊታችን ያለውን መሬት እየፈራን ወረድን።